ሁሉን እያጎረስኩ የተራብኩበት ዓመት

ከሁሉ አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። ይህ በሽታ የሚይዘው ሰነፍና ደካማ ሰው ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ገና ሳይጀምር እንዲታረም ብዬ ነው።

መኩሪያ እባላለሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር እኖራለሁ። ልጆቻችን ጎጆ ወጥተዋል። ሙያዬ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ነው። ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ መኪና ገዝቼ፣ ፈታትቼ፣ መልሼ እየገጣጠምኩ ነው የተማርኩት። እንግሊዝኛም ያወቅሁት ከመኪኖቹ ጋር ከሚመጣው መመሪያ ላይ ነው። በሕይወቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት የሙያ ክፍሉን መኪኖች ለመጠገን ተጠርቼ ብቻ ነው። ሌላው ከፍሎ ይገባል፤ እኔ ተከፍሎኝ ገባሁ።

ሩጫንም እንዲሁ በራሴ ነው የጀመርኩት፤ ያውም ስልሳን ከተሻገርኩ በኋላ። ጓደኛዬ ከድር መርካቶ ጨርቅ የሚነግድ፣ ከእኛ ሕንጻ የመጀመሪያው ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ሲለው፣ ብቻዬን አልወጣም ብሎ ጎተተኝ። ጠዋት ጠዋት ከልደታ ተነስተን በሜክሲኮ በኩል መስቀል አደባባይ ድረስ መሄድ ጀመርን። እሱ በእርምጃው ቀረ፤ እኔ ሮጥኩ። ብዙም ሳልቆይ በዕድሜ የእኔን ግማሽ የማይሞሉ ጎረምሶች ከኋላዬ ያለከልኩ ነበር። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

አደባባዩ ላይ ወጣትም ሽማግሌም ያለበት፣ ለውድድር የሚዘጋጅ የሯጮች ቡድን አለ። ተቀላቀልኩ። አሰልጣኙ የቀድሞ ሯጭ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመኪናው ኋላ ሚዛን አውጥቶ አስፋልቱ ላይ ያስቀምጥና ሁላችንንም በየተራ ያቆመናል። ኪሏችንንም ጮክ ብሎ ይናገራል። ለቀነሰ ይጨበጨባል። የጨመረውን «ሆድ ይዞ መሮጥ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ እንደ መሮጥ ነው፤ መያዝህ አይቀርም» ይለዋል። እንስቃለን። ልጃገረዶቹ ግን አይስቁም ነበር። ያኔ ይህን ልብ አላልኩም።

በአንጋፎች ምድብ የመጀመሪያ ውድድሬን ስሮጥ አራተኛ ወጣሁ። ሜዳሊያው ለሦስት ሰው ነው። በማግስቱ ፎቶዬ በቡድኑ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። እጆቼን ዘርግቼ የመጨረሻውን መስመር ሳልፍ ያሳያል፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። አንድ ጎረምሳ ከሥሩ «ጋሼ፣ መንታ ነው ወይስ አንድ?» ብሎ ጻፈ። ከድር ወዲያው «ሦስት ናቸው፤ ስም አውጡላቸው» ብሎ መለሰለት። ስልኬ ቀኑን ሙሉ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ። እኔም ሳቅሁ፤ «ክርስትናቸው ሲደርስ ትጠራላችሁ» ብዬም ጻፍኩ።

ሲመሽ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሸሚዜን ገለብኩና መስታወት ፊት ቆምኩ። ከዚያ ቀን በፊት ሆድ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከሆድ ሌላ ነገር እንዳለኝ ረሳሁ።

እኔ የያዝኩትን ነገር መንገድ ላይ የምተው ሰው አይደለሁም። መኪና ስጠግን የመጨረሻዋን ብሎን ሳላጠብቅ አልተኛም። ምግቡንም እንዲያ ያዝኩት። መጀመሪያ ቅባትና ስኳር ተውኩ። ከዚያ ዳቦ ተውኩ፤ ከዚያ ራት። እንጀራውን ከግማሽ ወደ ሩብ፣ ከሩብ ወደ ጠርዙ አወረድኩት። ቀለልኩ። በቀጣዩ ውድድር አንደኛ ወጣሁ። አሰልጣኙ ሚዛኑ ላይ አቁሞኝ «ሯጭ ማለት ይኼ ነው! ከጋሽ መኩሪያ ተማሩ!» ሲል ጭብጨባው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። ፍሬኑን ስረግጠው አልያዘም።

«እንዴት ማንም ሳያይህ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ አብረን ስለምንበላ ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ የማን እጅ ወደ ማን አፍ እንደሄደ የሚቆጥር የለም። እኔ ደግሞ ብልሃት አላጣም፤ ማጉረስ ጀመርኩ። እሑድ ልጆቻችን ሲመጡ በትልቁ እየጠቀለልኩ አንዱን በአንዱ ላይ አጎርሳለሁ። አስካለን አጎርሳለሁ፤ ምራቶቼን አጎርሳለሁ፤ የልጅ ልጆቹን አጎርሳለሁ። እጄ ከትሪው አይጠፋም፤ ወጡም ያልቃል። እኔ ግን ጣቴን ልሼ እነሳለሁ። አስካለ ለጎረቤቶቿ «መኩሪያ በስተርጅና ፍቅር ጀመረው» እያለች ታወራ ነበር። ከድር እንኳ ቤታችን ምስር ወጥ ላይ ሲደርስ «ኧረ በቃኝ! ስኳሬን ልትገለብጠው ነው እንዴ?» እያለ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር።

ጉርሻ ያልሸፈነልኝን ጾም ሸፈነልኝ። ቀድሞ ጾም የማጠብቅ ሰው አልነበርኩም። ያን ዓመት ግን የሰኔን ጾም ያዝኩ፤ ፍልሰታን እስከ ማታ ጾምኩ፤ ጽጌን እንኳ፣ የፈቃድ ጾም የሆነውን፣ ጾምኩ። የነቢያት ጾም ሲገባ ከመነኩሴ ብሼ ነበር። ጾም ፈትቶ የሚበላበት ሰዓት ሲደርስ «ትንሽ ልቆይ» እላለሁ፤ ከዚያ «መሸ፣ አሁን ከበላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» እላለሁ። የሕንጻው ሴቶች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ዝቅ ብለው እጅ ይነሱኝ ጀመር። «ለእኛም ይጸልዩልን» ያለችኝም አለች። እግዜር ይየው፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከድር ብቻ አልተታለለም። አንድ ቀን አፌን ትክ ብሎ አይቶ፣ «ስማ አንተ ሰውዬ፣ እኛም እንጾማለን። ግን ጀንበር ስትጠልቅ እናፈጥራለን። አንተ መቼ ነው የምታፈጥረው?» አለኝ።

«የእኛ ጾም ይለያል» አልኩት።

«ቄሳችሁም እንዳንተ ከስቷል እንዴ?» አለኝ። ተናድጄ ለሳምንት አላናገርኩትም።

ያን ጊዜ ውስጤ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ዋናው ቁም ነገር ይኼ ነውና። ከውጭ የሚያየኝ ብርቱ ሽማግሌ ያያል። ከውስጥ ግን እስረኛ ነበርኩ። እስር ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ ዘበኛው እኔ፣ እስረኛውም እኔ። ሕግ በሕግ ላይ አወጣ ነበር። ከተቀመጥኩ መቆም አለብኝ። ታክሲ ከያዝኩ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ መውረድ አለብኝ። እህል ከቀመስኩ ደረጃውን እስከ ላይ ወጥቼ መውረድ አለብኝ። ሜክሲኮ ላይ ባንኮቹ በር ካለው መስታወት ፊት ሳልቆም አላልፍም፤ በጎን አያለሁ፣ ዞሬ አያለሁ፤ ሆዴ ሁልጊዜ እዚያው ነው። ቀበቶዬ አልጠብቅ ሲል በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ከዚያ ሌላ። ቀዳዳዎቹ በጣም ያማሩ ነበሩ፤ ሙያ ነውና። ቀበቶውን ሳጠብቅ ለትንሽ ጊዜ ሰላም አገኛለሁ፤ ወዲያው ያ የአሰልጣኙ ድምፅ «መያዝህ አይቀርም» ይለኛል። ይህን ድምፅ የሚያስቀር በር የለም። የእስር ቤቱን ቁልፍ ፈልጌ አጣሁት፤ ኋላ ሳስበው ግን መውጣት የፈለግሁም አይመስለኝም።

ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ ብርድ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሆኜ በሁለት ሹራብ እንቀጠቀጣለሁ። ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። ጀርባዬ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ ልስልስ ጠጉር በቀለ። ተኝቼ ልቤን ሳዳምጥ ድም ይልና ይዘገያል፤ የሚቀጥለው ምት እስኪመጣ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ብፈራም ኮራሁ። የታላላቅ ሯጮች ልብ ቀስ ብሎ እንደሚመታ አንብቤ ነበርና።

አስካለ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ሐኪም ደሜን አስመርምሮ «ታይፎይድ» አለ። መድኃኒት ሰጠኝ፤ አልተሻለኝም። ሁለተኛው ክሳቴን አይቶ ሳንባዬን ጠረጠረ፤ አክታ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ፤ ምንም የለም። ሦስተኛው ቱቦ በጉሮሮዬ ሰድዶ ጨጓራዬን አየና የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብሎ ክኒን በክኒን አደረገኝ። አራተኛው ካንሰር የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ ሳይናገር ሌላ ምርመራ አዘዘ። መለዋወጫ ልገዛበት ያስቀመጥኩት ገንዘብ በዚያ ሁሉ ወረቀት አለቀ። በእያንዳንዱ ክሊኒክ አግዳሚ ላይ እንጠብቃለን፤ በእያንዳንዱ ክሊኒክ ሐኪሙ «የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው?» ይለኛል።

«ጾም ላይ ነኝ» እላለሁ።

«እግዚአብሔር ይቀበልልዎ» ይላል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

አንድም ሰው «ከጾሙ በፊትስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እንዴት ይጠይቃል? በእኛ አገር የሚጾምን ሽማግሌ ለምን አልበላህም ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቤት ውስጥ ደግሞ አስካለና እኔ መነታረክ ጀመርን። «ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቃለህ? አስካለ ባሏን አስራበችው እያሉ ነው! ሌላውም የማይባለውን በሽታ ያወራል!» ብላ አለቀሰች። «ያውሩ» አልኳት። አርባ ዓመት ገደማ አብራኝ የኖረች ሴት ናት። ጀርባዬን ሰጥቻት ደረጃ ልወጣ ሄድኩ።

የወደቅሁት ያ ደረጃ ላይ ነው። የገና በዓል ሊደርስ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ጉንጬን ሲነካው ብቻ ነው የማስታውሰው። ያገኘኝ ከድር ነው። አዝሎ ታክሲ ድረስ አደረሰኝ። በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «መኩሪያ፣ እኔ ዱቄት ይዤ አንድ ፎቅ ስወጣ የማለከልክ ሰው ነኝ። አንተን አዝዬ ወርጄ አላለከለክኩም። ያኔ ነው የፈራሁት።»

ትልቅ ሆስፒታል አስተኙኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ። አንዲት ወጣት ዶክተር መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። እንደ ሌሎቹ ቆማ አለማናገሯን ወደድኩላት።

«አባቴ፣ ልብዎ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው» አለችኝ።

«የሯጭ ልብ ነው» አልኳት፤ ተኝቼም ደረቴን ነፋሁ። «አንደኛ ነኝ በዕድሜዬ።»

«የሯጭ ልብ ጠንክሮ ነው የሚዘገየው። የእርስዎ ተርቦ ነው። ሰውነት የሚበላው ሲያጣ ራሱን ይበላል፤ መጀመሪያ ስብ፣ ቀጥሎ ሥጋ። ልብም ሥጋ ነው አባቴ።»

የነፋሁትን ደረቴን አወረድኩ።

ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀች። «ጾም ነው አይበሉኝ። ባለፈው ፋሲካ ምን በሉ?» አለችኝ። አስካለን አየሁ። አስካለ እኔን አየች። ያን ፋሲካ ዶሮውን ለቤተሰቡ ሁሉ ሳጎርስ እንደ ነበር ሁለታችንም እኩል ትዝ አለን። አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ «ወይኔ! ፍቅር መስሎኝ!» አለች።

ሕመሙ የአመጋገብ መታወክ ይባላል። ሰው ውፍረትን በመፍራት ራሱን የሚያስርብበት፣ ከስቶ አጥንቱ ቢወጣም ወፍራም ሆኖ የሚታየው በሽታ ነው። ዶክተሯ እንዳለችኝ ስፖርተኞችን፣ በተለይ ክብደታቸው የሚቆጠርባቸውን ሯጮች አብዝቶ ያጠቃል፤ በእኔ ዕድሜ እምብዛም ስለማይጠበቅ ነው ሐኪሞቹ ሁሉ ያለፉት። መነሻው ከአእምሮ ስለሆነ የአእምሮ ሐኪም ጋር ትመላለሳለህ አሉኝ። ተቆጣሁ። «አእምሮዬን? የእኔን?» አልኩ። ነርሷ «የሚያስብ አእምሮ ነው የሚታመመው ጋሼ» አለችኝ። ይኼን ተቀበልኩት።

እዚያ ሳለሁ ጥቂት በጥቂት ያበሉኝ ነበር። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ከበላ ልቡ ሊቆም ስለሚችል ነው። እኔ ግን ዳቦውን ትራስ ሥር እደብቅ ነበር። ስወጣ ወደ እስር ቤቴ ተመለስኩ።

ወደ አእምሮ ሐኪሙ የምመላለስበት ክፍል መጠባበቂያ ጠባብ ነው። ሰው ሁሉ ወለሉን ያያል። አንድ ቀን ከጎኔ አንዲት ቱታ የለበሰች ልጅ፣ እግሯ በጄሶ የታሰረ፣ ክራንች ይዛ ተቀመጠች። ቤዛ ትባላለች። አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ውሃ ጠጥተው ነው አይደል የመጡት?» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«እግርዎን እያወዛወዙ ነው። ሽንትዎን ይዘዋል። ከመመዘንዎ በፊት እንዳይሄዱ እየቻሉት ነው። እኔም ጠጥቻለሁ።»

ዙሪያዬን አየሁ። «ዝም በይ» አልኳት።

«ኪስዎስ? ምን ከተቱ?»

ምን ላድርግ? የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል? ኮት ኪሴ ውስጥ የነበሩትን የስፌት መኪና ብረቶች በጨረፍታ አሳየኋት። ዓይኗ በራ። «በስመ አብ! አራዳ ነዎት ጋሼ! እኔ ሳንቲም ነው፣ ካልሲ ውስጥ» አለች። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። ከእኔ ጋር ስለዚህ ነገር የሳቀ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት።

ከዚያ ሳቋ ቆመ። በክለብ የምትሮጥ ናት። አሰልጣኟ «ከበድሽ» ካላት ጀምሮ መብላት አቃታት። የወር አበባዋ ጠፋ፤ በክለቡ ደግ ነው፣ ለሩጫ ይሻላል አሏት። አንድ ጠዋት ወድቃ ሳይሆን ዝም ብላ እየሮጠች የእግሯ አጥንት ተሰነጠቀ። «አጥንቴም ተርቦ ነበር» አለችኝ። «ጋሼ፣ እኔ እንኳ እሺ፤ የምኖረው በሩጫ ነው። እርስዎን ማን አስገደደዎት?»

የሚያስገድደኝ ሰው ስም ፈለግሁ። አላገኘሁም።

«እንወዳደር» አለችኝ። «እኔ ሳንቲሙን አወጣለሁ፣ እርስዎ ብረቱን። የደፈረ ያሸንፋል።»

ውድድር ከሆነ እኔ አልሸነፍም። ስሟ ሲጠራ ካልሲዋን ስታወልቅ አየሁ፤ እኔም ብረቴን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ሽንት ቤት ገባሁ። ያን ቀን ሚዛኑ እውነቱን ተናገረ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ጨምሬ ሳይሆን ቀንሼ ተገኘሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ አየኝ። «ሁዳዴ ሰኞ ይገባል። በዚህ ክብደት ከጾሙ ትንሣኤን አያዩትም» አለኝ።

«ሃይማኖቴን አትንካ» አልኩት። ቤት እንደደረስኩ ለአስካለ ነገርኳት፤ «ብሞትም ጾሜን አልፈታም።» ያን ስናገር እንደ ሰማዕት ነበር የተሰማኝ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የነፍስ አባታችንን ይዛ ተመለሰች። አባ በዕድሜ የእኔ ታናሽ ናቸው፤ ግን «ልጄ» ይሉኛል። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ተቀመጡ። አስካለ ሁሉንም ነግራቸዋለች፤ ጉርሻውንም፣ ብረቱንም። ቁጣ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ቀበቶዬን ያዩ ነበር።

«ስንት ጊዜ በሳኸው?» አሉኝ።

«አልቆጠርኩም አባ።»

«ልጄ፣ ጾም ሆድን ባዶ አድርጎ ልብን የሚሞላ ነው። አንተ ሁለቱንም ባዶ አደረግህ። የደረጃው ሴቶች እጅ ሲነሱህ ደስ አይልህም?»

ዓይኔን ወደ ቀበቶዬ መለስኩ።

«ስለዚህ ቀኖና እሰጥሃለሁ፤ ትቀበላለህ?»

ቀኖና ማለት የነፍስ አባት ለንስሐ የሚሰጠው ቅጣት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጾምና ስግደት ነው። ተጨማሪ ጾም ሊያዙኝ ነው ብዬ፣ ልመንላችሁ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። «እቀበላለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው እስከ ትንሣኤ ትበላለህ። ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ካለ እሱንም ትበላለህ፤ የታመመ ሰው ጾም የለበትም። የምትበላውም በሩን ከፍተህ ነው፤ የወጣ የወረደ ሁሉ እንዲያይህ። ከአስካለ እጅ ትጎርሳለህ። አንተ ግን ማንንም አታጎርስም፤ አንዲት ጉርሻ እንኳ።»

«አባ! ስግደት ይስጡኝ! የፈለጉትን ያህል!»

«ስግደት እንደምትወድ አውቃለሁ። ስፖርት ነው ለአንተ» አሉና ተነሡ።

በዕድሜዬ ብዙ ውድድር ሮጫለሁ። እንደዚያ የሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ የሚከብድ ግን አልገጠመኝም። አስካለ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አነስ ያለ ትሪ ላይ ፍርፍርና አንድ እንቁላል ነበር። ያ ድምፅ «መያዝህ አይቀርም» አለኝ። አስካለ ትንሽ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች። ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ እኔም እምቢ ሲሉኝ እንዴት እንደምቆጣ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ። እስክውጠው ድረስ አስካለ እያለቀሰች ጠበቀችኝ።

በዚህ መሀል የአምስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በራችን ላይ ቆመች። እንቁላሉን አየች። እኔን አየች። «ጋሽ መኩሪያ! በሁዳዴ?» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አስካለ ግን እጇን ሳታወርድ «ቀኖና ላይ ነው እቴ! አታስታጉይው!» አለቻት። ሴትዮዋ አፏን እንደ ከፈተች ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሕንጻው በሙሉ ሰማ። በማግስቱ ከድር ወንበር ይዞ መጥቶ በሩ ላይ ተቀመጠና «ትርዒቱ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» አለ። ስቄ አንድ ጉርሻ ሳላስበው ዋጥኩ።

ተሻለኝ ማለት ዳንኩ ማለት አይደለም። ድምፁ አልጠፋም። ከበላሁ በኋላ ደረጃው ይጠራኛል፤ ከድር ስለሚያውቅ ያን ሰዓት መጥቶ ካርታ ያጫውተኛል፤ ያጭበረብራልም። ልቤ ግን ተነሣ። ብርዱ ለቀቀኝ። ትንሣኤን አየሁት። ዶክተሯ እርምጃ ፈቀደችልኝ፤ ሩጫ ገና ነው። አንድ ቅዳሜ አደባባዩ ሄጄ አሰልጣኙን «ሚዛኑን መኪናህ ውስጥ ተወው» አልኩት። «ጋሼ፣ ስፖርት ነው እኮ» አለኝ። ሸሚዜን ገልቤ የጎድን አጥንቴን አሳየሁት። «የጨበጨባችሁት ለዚህ ነው» አልኩት። እኔ በሄድኩበት ቀን ሚዛኑ አይወጣም፤ ሳልኖር አላውቅም። ልጃገረዶቹ ሰላም ሲሉኝ ግን ይስቃሉ።

ቤዛ አንዳንዴ ትደውላለች። ጄሶዋ ተፈታ። «ዛሬ ማን አሸነፈ?» ትለኛለች፤ የበላነውን እንነጋገራለን። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። አንዳንድ ቀን እኔ ወሬ እቀይራለሁ።

ልጃችሁ ሯጭ ከሆነች፣ አባታችሁ በስተርጅና ጾመኛ ከሆነ፣ በገበታ ላይ ሌላውን የሚያጎርስ ሰው ካለ፣ የእሱን አፍ ተመልከቱ። ይኼን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ሌላውን ራሳችሁ ትማሩታላችሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው የተማርኩት።

ይህን የጻፍኩት በምሳ ሰዓት ነው። በሩ ክፍት ነው። ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው። ጥሩ ነገር እየጻፍኩ ነው ብዬ እጄን ከትሪው እንዳራቅሁት አስካለ ነቅታብኛለች፤ «ብዕሩን አስቀምጥ፤ ደግሞ አዲስ ዘዴ አመጣህ!» አለችኝ። ልክ ናት። ትልቁን ጠቅልላ ከአፌ ፊት ይዛ ቆማለች። እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ አፌ ሊሞላ ነው።